የመጀመሪያዎቹ የኬሞ ዙሮች፦ አንድ ሁለት ዙር የቀደመ ሰው ፈልጉ

(ምስል፦ የሆስፒታል መተላለፊያ። አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጡ ሰዎች። እጃቸው ላይ ካርድና የላብራቶሪ ወረቀት።)

ጤና ይስጥልኝ። ይህ ቪዲዮ ኬሞ፣ ማለትም በመድኃኒት የሚሰጥ የካንሰር ሕክምና፣ ለመጀመር ቀጠሮ ለያዛችሁ፣ ወይም አንደኛውን ዙር ወስዳችሁ ሁለተኛውን በስጋት ለምትጠብቁ ነው። አስታማሚዎችም አብራችሁ ስሙ።

ሐኪሙ ስለ መድኃኒቱ ይነግራችኋል። ምን እንደሚባል፣ ስንት ዙር እንደሆነ፣ በየስንት ቀኑ እንደሚሰጥ። ግን ሐኪሙ ፊት የምትቀመጡበት ጊዜ አጭር ነው፤ ውጭ ወረፋው ረጅም ነው። በሦስተኛው ቀን ሽንኩርት ሲቁላላ ለምን ቤት ጥሎ መውጣት እንደሚያምር፣ ጸጉር መርገፍ ሲጀምር ምን እንደሚያስታውቅ፣ ሊጠይቅ የመጣ ዘመድ ሳይቀየም እንዴት ቶሎ እንደሚሸኝ፣ ይህን ሁሉ የሚያውቀው በዚያው ያለፈ ሰው ነው።

ስለዚህ ከእናንተ አንድ ወይም ሁለት ዙር የቀደመ፣ ቢቻል ያንኑ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ፈልጉ። ብዙ ሰው አያስፈልግም፤ አንድ ይበቃል። ከዓመታት በፊት የዳነ ሰው ትልቅ ተስፋ ይሰጣል፤ ዝርዝሩን ግን ብዙ ጊዜ ረስቶታል። ሁለት ዙር የቀደማችሁ ሰው የሚያወራችሁ ያለፈውን ሳምንት ነው።

(ምስል፦ በአኒሜሽን የሚባዙ ሴሎች።)

በመጀመሪያ ኬሞ ምን እንደሚሠራ ባጭሩ። ብዙዎቹ የኬሞ መድኃኒቶች የሚያጠቁት ቶሎ ቶሎ የሚባዙ ሴሎችን ነው። የካንሰር ሴል እንደዚያ ነው። ግን ጤነኛ ሆነው ቶሎ የሚባዙም አሉ፦ የጸጉር ሥር፣ የአፍና የአንጀት ሽፋን፣ ደም የሚመረትበት መቅኔ። ጸጉር የሚረግፈው፣ አፍ የሚቆስለው፣ የደም ሴል የሚወርደው ለዚህ ነው። አንድ ነገር ልብ በሉ። ጉዳቱ የበረታበት ሰው መድኃኒቱ በደንብ ሠራለት ማለት አይደለም። ያልከበደውም አልሠራለትም ማለት አይደለም። ታካሚዎች ተቀምጠው ሲያወሩ ብዙ ጭንቀት የሚመጣው ከዚህ ንጽጽር ነው።

አሁን አንድ ዙር እንከተል። ለምሳሌ የጡት ካንሰርን እንውሰድ። በአገራችን ሴቶች ላይ በብዛት የሚታየው እሱ ነው። ከተለመዱት ሕክምናዎች አንዱ ዶክሶሩቢሲንና ሳይክሎፎስፋሚድ የሚባሉ መድኃኒቶችን አንድ ላይ፣ በየ21 ቀኑ፣ ለ4 ዙር መስጠት ነው። ብዙ ጊዜ ከዚያ በኋላ ሌላ መድኃኒት ይከተላል። የእናንተ የተለየ ሊሆን ይችላል።

(ምስል፦ ክንድ ላይ የተሰካ መርፌ፣ ቀይ ፈሳሽ።)

የመጀመሪያው ቀን። ዶክሶሩቢሲን ቀለሙ ቀይ ነው። አንድ ሁለት ቀን ሽንት ቀላ ይላል። ደም አይደለም። ይህን አስቀድሞ የነገረው ሰው የሌለ ታካሚ ሌሊቱን ሙሉ በድንጋጤ ያድራል። አንድ ዓረፍተ ነገር የሚያድነው ሌሊት ነው።

ከዚህ የሚበልጥ ሌላ ነገር አለ። መድኃኒቱ እየገባ ሳለ መርፌው ያለበት ቦታ ካቃጠላችሁ፣ ካመማችሁ ወይም ካበጠ ያኔውኑ «ሲስተር» ብላችሁ ተጣሩ። ይህ መድኃኒት ከደም ሥር ወጥቶ ወደ ሥጋ ከገባ ክፉኛ ይጎዳል። «ሥራ በዝቶባታል፣ አላስቸግራት» ብሎ ጥርስ ነክሶ መቻል የብዙዎቻችን ጠባይ ነው። እዚህ ቦታ ላይ መቻል አያስፈልግም። አብሯችሁ የተቀመጠ የቀደመ ታካሚ ካለ እሱ ይጣራላችኋል። እኔ የአቻ ድጋፍን፣ ማለትም ታካሚ ለታካሚ መረዳዳትን፣ ጥቅም ከምንም በላይ የማየው እንደዚህ ባለው ቦታ ነው።

ቤት ስትገቡ የማቅለሽለሽ መድኃኒቱን ማስታወክ እስኪመጣ አትጠብቁ። በታዘዘው ሰዓት ውሰዱት። ከመጣ በኋላ መመለስ ከባድ ነው። ከማቅለሽለሽ መድኃኒቶቹ ኦንዳንሴትሮን የተሰጣችሁ እንደሆነ ሆድ ሊያደርቅ ይችላል። ዴክሳሜታሶን ደግሞ እንቅልፍ ይነሳል፤ ጠዋት መውሰድ ትችሉ እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ። ሳይክሎፎስፋሚድ ፊኛን ስለሚቆጣ ሐኪም ካልከለከላችሁ ውሃ በደንብ ጠጡ፤ ሽንትም አትያዙ።

ምግብ ላይ የቀደሙት የሚሉትን ስሙ። ትኩስ ምግብ ሽታው ይበረታል፤ ቀዝቀዝ ያለው ይሻላል። ደረቅ ዳቦ፣ በሶ፣ ቀጠን ያለ አጥሚት በትንሽ በትንሹ። ቁሌቱ ጎረቤት ቤት ወይም በረንዳ ላይ ይሁን። ዕጣንም ለጥቂት ቀን ይቅር። የሚወዱት ቡና እንኳን አፍ ውስጥ ብረት ብረት ሊል ይችላል። ይህ ያልፋል። አፍ ሲቆስል ለብ ባለ ውሃ ላይ ትንሽ ጨው ጨምሮ መጉመጥመጥ ይረዳል፤ ጥርስ ብሩሽም ለስላሳ ይሁን።

(በስክሪን ላይ፦ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን)

አሁን ወደ ዋናው። በአብዛኛው ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ ኢንፌክሽንን የሚከላከለው ነጭ የደም ሴል በጣም ዝቅ ይላል። አስቸጋሪው ነገር፣ በዚያን ሰሞን ሰውየው ደህና ሆኖ ይሰማዋል። ማቅለሽለሹ ለቋል፤ ምግብ ይበላል። «እንግዲህ ተሻለኝ» ብሎ ለቅሶ ይደርሳል፣ ገበያ ይወጣል፣ ዘመድ ሁሉ መጥቶ ጉንጭ ለጉንጭ ይስመዋል። መታቀብ ያለበት ያኔ ነው። ጥሬ ሥጋ፣ ለብ ለብ ክትፎ፣ ያልፈላ ወተት አይነካም። ጉንፋን የያዘው ጠያቂ በስልክ ይጠይቅ። ይህን ታካሚው ራሱ ለመናገር ያፍራል። አስታማሚዎች፣ ይህ የእናንተ ሥራ ነው። በሩ ላይ ቁሙና በትህትና ተናገሩ።

(በስክሪን ላይ፦ 38)

ይህን ቁጥር ያዙት። የሰውነት ሙቀት 38 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሌሊትም ይሁን በዓል፣ ወደ ሆስፒታል። «ፓራሲታሞል ወስጄ ልተኛና ጠዋት እናያለን» አይባልም። መድኃኒቱ ትኩሳቱን ይደብቃል እንጂ ኢንፌክሽኑን አያቆምም፤ ነጭ የደም ሴል በወረደበት ጊዜ ኢንፌክሽን በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ስትደርሱም መጀመሪያ የምትሉት «ኬሞ ላይ ነኝ» ነው። ቴርሞሜትር ቤት ውስጥ ይኑር። ኬሞውን ጥቁር አንበሳ ወስዳችሁ በዙሮቹ መሀል ወደ ክፍለ ሀገር የምትመለሱ ደግሞ፣ ትኩሳት ቢመጣ ቅርባችሁ ያለው የትኛው ሆስፒታል እንደሆነ አውቶቡስ ከመሳፈራችሁ በፊት ጠይቁ። የሕክምና ወረቀታችሁን ፎቶ አንሥታችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ።

ጸጉር በአብዛኛው በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት መሀል መርገፍ ይጀምራል። ቀድሞ ማሳጠር ለብዙዎች ያቀልላቸዋል። በዚህ ላይ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ታካሚው ብቻ ነው።

ሁለተኛው ዙር ሰውን የሚያስደነግጥ አንድ ነገር አለው። መድኃኒቱ ገና ሳይገባ፣ የሆስፒታሉ ሽታ ብቻ ሊያስታውክ ይችላል። «አእምሮዬን ነካኝ እንዴ?» ይላል ሰው። የታወቀ ነገር ነው። ሰውነት የመጀመሪያውን ዙር አስታውሶ ነው። ለሐኪሙ ተናገሩ፤ የሚረዳ መድኃኒት አለ። ደግሞም የደም ምርመራው ዝቅ ብሎ «ዛሬ አይሰጥም፣ በሳምንት ተመለሱ» ቢባል ሕክምናው ከሸፈ ማለት አይደለም። ጎናችሁ የተቀመጠችው ሴት እሷም አንዴ ተመልሳ እንደነበር ስትነግራችሁ ልብ ይረጋጋል።

(ምስል፦ ሁለት ሴቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲያወሩ።)

ታካሚ ለታካሚ ሲመካከር የማይታለፍ መስመርም አለ። የቀደመ ታካሚ ስለ ቀኑ፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ ፍርሃቱ ይነግራችሁ። ስለ መድኃኒት መጠን፣ ስለ ማቋረጥ፣ ስለ ቅጠላ ቅጠል ግን አትጠይቁት። ከእሱ የተረፈ ኪኒንም አትቀበሉ። «እገሌ ይህን ጠጥቶ ዳነ» የሚል ወሬ ወረፋ ላይ መቼም አይጠፋም። የባህል መድኃኒት ከኬሞ ጋር ሲገናኝ ጉበት ሊጎዳ ወይም የኬሞውን ሥራ ሊያበላሽ ይችላል። የምትወስዱት ካለ ሳትደብቁ ለሐኪሙ ንገሩ።

ጸበልም እንዲሁ ነው። ማንም እምነታችሁን እንድትተዉ አይጠይቃችሁም። ግን ጸበል ለመግባት ብሎ ዙር መዝለል ዋጋ ያስከፍላል። በጾም ወቅት ለንስሐ አባታችሁ ሕመማችሁን ንገሩ፤ ሕመምተኛ ከጾም የሚፈታበት ሥርዓት አለ። ሙስሊም ታካሚዎችም በረመዳን የታመመ ሰው ጾሙን ማቆየት እንደተፈቀደለት ያውቃሉ።

አሁን በጣም ልቤን የሚነካው ጉዳይ ላይ ደረስን። በብዙ ቤት ታካሚው ካንሰር እንደያዘው አያውቅም። ልጆች ሐኪሙን ለብቻ ይይዙና «ለእማማ እንዳይነግሯቸው፣ ይደነግጣሉ» ይላሉ። ከፍቅር የመጣ ነው፤ ይገባኛል። ግን እማማ ኬሞ ክፍል ገብተው ጸጉራቸው የረገፈ ሰዎች መሀል ተቀምጠዋል። እያወቁ ነው። የሚጠይቁት ሰው ግን የላቸውም፤ ልጆቻቸውም አጠገባቸው ላለችው ታካሚ «እንዳትነግሪብን» እያሉ በዓይን ይለምናሉ። እሳቸው ልጆቹ እንዳይጨነቁ ዝም ይላሉ፤ ልጆቹ እሳቸው እንዳይደነግጡ ዝም ይላሉ። ትኩሳት ሲመጣም ለምን አስቸኳይ እንደሆነ ስለማያውቁ ጋቢ ደርበው ይተኛሉ። እኔ ይህ መደበቅ ሰው ይጎዳል ብዬ አምናለሁ። ሁሉን በአንድ ቀን መንገር ግዴታ አይደለም። «ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ?» ብሎ መጠየቅ ጥሩ መነሻ ነው። ከዚያ በሐኪሙ ፊት ይነገር።

ይህ ታካሚ ለታካሚ የመረዳዳት ነገር አዲስ አይደለም። በ1952 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ውስጥ ቴሬዝ ላሰር የተባለች ሴት ጡቷ በቀዶ ሕክምና ከተወገደ በኋላ ሌሎች ታካሚ ሴቶችን እየዞረች መጠየቅ ጀመረች። በ1969 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ካንሰር ሶሳይቲ ሥራውን የራሱ ፕሮግራም አደረገው። በእኛም አገር አቶ ወንዱ በቀለ ትንሽ ልጃቸውን ማቲዎስን በደም ካንሰር ካጡ በኋላ፣ በ2004 እ.ኤ.አ. በስሙ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን መሠረቱ። ድርጅቱ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ አቅም ለሌላቸው ታካሚዎች ማረፊያ ይሰጣል። እንዲህ ያለ ማረፊያ የሚሰጠው አልጋ ብቻ አይደለም። ከጎጃም የመጣው ከባሌ ከመጣው ጋር እዚያ ይተዋወቃል።

አንድ ከባድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። የተዋወቃችሁት ሰው ሊብስበት ይችላል። ሊሞትም ይችላል። ያኔ «የእኔም መጨረሻ ይሄ ነው» የሚል ሐሳብ ይመጣል። የእሱ ዕጢ ዓይነት፣ የተገኘበት ደረጃ፣ ሌላ ሕመሙ ከእናንተ ይለያል። ሐዘኑን ግን አትዋጡት። ለሲስተሯ፣ ለሐኪሙ፣ ለቤተሰብ ተናገሩ። ለተወሰነ ጊዜ ከታካሚዎች ቡድን ራቅ ማለት ከፈለጋችሁም ማንም ሊቀየማችሁ አይገባም።

(ምስል፦ ነርሷ ሁለት ሰዎችን ስታስተዋውቅ።)

ታዲያ ሰውየው እንዴት ይገኛል? ወረፋ ላይ ዝም ብሎ ሰው መቅረብ የሚከብዳችሁ ከሆነ ለሲስተሯ «የእኔን መድኃኒት የሚወስድ፣ ሊያወራኝ የሚፈቅድ ሰው ካለ አስተዋውቂኝ» በሏት። ታካሚዎቹን ታውቃቸዋለች፤ ማን ማውራት እንደሚወድ፣ ማን ዝምታ እንደሚፈልግም ታውቃለች። ስልክ ስትለዋወጡ በስንት ሰዓት መደወል እንደሚቻል ተነጋገሩ። ከኬሞ በኋላ ባሉት ሦስት አራት ቀናት ሁለታችሁም አቅም ላይኖራችሁ ይችላል፤ ያኔ አጭር የቴሌግራም መልእክት ይበቃል። እሱ ካልመለሰ አትቀየሙ። ተኝቶ ይሆናል።