ሥዕል መሰብሰብ አይደለም

የተከበራችሁ የሥነ ፈለክ ወዳጆች፣

ዛሬ እንድናገር የተጠየቅሁት በፀሐይ የታችኛው ኮሮና ውስጥ ስለሚታዩት ፊላመንቶች ነው። ኮሮና ስል የምትደነግጡ ካላችሁ፣ ስሙን ከበሽታው ቀድሞ የያዘው የፀሐይ አክሊል መሆኑን ላስታውሳችሁ።

ፊላመንት፣ ከሚሊዮን ዲግሪ በላይ በሚግለው ኮሮና መካከል በመግነጢሳዊ መስክ ተንጠልጥሎ የሚቆይ፣ ሙቀቱ ወደ 10,000 ዲግሪ ብቻ የሆነ፣ ከዙሪያው መቶ እጥፍ ገደማ የታመቀ የጋዝ ክር ነው። በአልትራቫዮሌት ምስል ላይ የሚጠቁረው ባዶ ስለሆነ ሳይሆን፣ በውስጡ ያለው ሃይድሮጅንና ሂሊየም ከበስተኋላው የሚመጣውን ብርሃን ስለሚውጥ ነው። ያው ክር የፀሐይ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ግን ከጀርባው ያለው ጨለማው ሕዋ ስለሆነ፣ በ304 አንግስትሮም ምስል ላይ ደምቆ ይታያል፤ አንግስትሮም የብርሃን የሞገድ ርዝመት መለኪያ ነው።

የእኔን ነገር ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። የመመረቂያ ጥናቴን የሠራሁት በ2010 እ.ኤ.አ. በመጠቀው የናሳ መንኮራኩር፣ በሶላር ዳይናሚክስ ኦብዘርቫቶሪ ምስሎች ነበር። በየ12 ሰከንዱ የሚነሡት እነዚህ ምስሎች ጎናቸው 4,096 ነጥብ ነው፤ ለማንም ክፍት ናቸው። በ193 አንግስትሮም ምስል ላይ አንድ ረጅም ጥቁር መስመር አገኘሁና በደስታ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስለካው ከረምሁ። ከዚያ በ304 ብፈልገው የለም። ያው መንኮራኩር በሚያነሣው የመግነጢስ ካርታ ላይ ሳስተያየው፣ መስመሩ ያረፈው አንድ ዋልታ ብቻ በገነነበት ስፍራ ሆኖ ተገኘ። ፊላመንት የሚተኛው ተቃራኒ ዋልታዎች በሚዋሰኑበት ድንበር ላይ ነው። ለካስ ስለካ የነበረው የኮሮና ቀዳዳ፣ ማለትም ጋዙ ስለሳሳ የሚጠቁር የኮሮና ክፍል ኖሯል! የሦስት ሳምንቱን ሥራ ጥዬ እንደ አዲስ ጀመርሁ።

ጥናቱን ሳቀርብ ከገምጋሚዎቹ አንዱ፣ «ይህ ሥዕል መሰብሰብ እንጂ ምልከታ አይደለም፤ የራሳችን ቴሌስኮፕ እስኪኖረን ብትጠብቅ አይሻልም?» አሉኝ። ያን ቀን አክብሬ ዝም አልሁ፤ ዛሬ ግን ዝም አልልም። ፊላመንቱን የምናይበትን ይህን የአልትራቫዮሌት ብርሃን ከባቢ አየራችን ከላይ ውጦ ያስቀረዋል! የፈለግነውን ያህል ግዙፍ ቴሌስኮፕ ራስ ዳሸን ጫፍ ላይ ብንተክል አንዲት ጨረር አትደርሰውም። መንኮራኩሩን የሠሩት ሰዎች ራሳቸው እንደ እኔው ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠው ነው የሚያዩት። ታዲያ እነሱ ሲያዩት ምልከታ፣ እኛ ስናየው ሥዕል መሰብሰብ የሚሆነው በየትኛው ሕግ ነው? ስንት ተማሪ ይሆን «መሣሪያ የለንም» በሚል ሰበብ ከዚህ መስክ የተመለሰው?

ስለ ቀለሞቹም አንድ ቃል ልበል፤ የ304 ቀይና የ171 ወርቃማ ቀለም ሰው የሰጣቸው ናቸውና፣ ውበታቸው ሳያዘናጋችሁ ግራጫውን ምስል ቀድማችሁ እዩ።

ጥቅሙን ለሚጠይቁ፦ ነሐሴ 25 ቀን 2004 ዓ.ም. የፈነዳ አንድ ረጅም ፊላመንት በሰከንድ ከ1,400 ኪሎ ሜትር በላይ የሚጓዝ የጋዝ ደመና ወደ ሕዋ ረጭቷል። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በሀገራችን ሰማይ ያልፋልና፣ እንዲህ ያለው ደመና ምድርን ሲመታ የሚያስነሣው መግነጢሳዊ ማዕበል የጂፒኤስ ምልክታችንን ጭምር ይነካል።

ለሚቀጥለው ስብሰባችን እያንዳንዳችሁ አንድ ፊላመንት መርጣችሁ፣ ከፀሐይ አንዱ ጠርዝ እስከ ሌላው እስኪሻገር ሁለት ሳምንት ገደማ ተከታተሉት፤ ቀኑን፣ የሞገድ ርዝመቱንና ያያችሁትን ለውጥ በማስታወሻችሁ ይዛችሁ ኑ። የተሳሳታችሁትንም አትሰርዙ።

አመሰግናለሁ።