ውድ መኪና፣ ትንንሽ ብልሽት፦ ይመለስ ወይስ ይቆይ?

ሰዓዳ፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን። ዛሬ የአጎቴን ጉዳይ ይዤ ነው የመጣሁት። ፈቅደውልኛል፤ የሻጩን ስምና የመኪናውን ዓይነት ግን አንጠራም። አጎቴ ቤታቸው ደሴ ነው፣ ሥራቸው ኮምቦልቻ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲያሠሩ ኖረው፣ በስተርጅና ለራሳቸው አንድ ውድ የኤሌክትሪክ መኪና ገዙ። አዲስ አበባ ሄደው ነው ያመጡት። መኪናው መንገድ ላይ ቆሞባቸው አያውቅም። ግን አንድ ቀን የጎማ መብራት ይበራል፣ አንድ ቀን ስለ ፍሬን የሚናገር ጽሑፍ ይመጣል፣ አንድ ቀን የበሩ እጀታ አልወጣም ይላል፣ ሌላ ቀን ትልቁ ስክሪን ድርግም ብሎ ይጠፋል። "ልመልሰው ወይስ ችዬው ልኑር?" ይላሉ።

ይመር፦ መልሱን ከመናገሬ በፊት ልጠይቅሽ። የፍሬኑ ጽሑፍ መቼ መቼ ነው የሚመጣው?

ሰዓዳ፦ ጠዋት። ከቤት ወጥተው ወደ ኮምቦልቻ መውረድ ሲጀምሩ።

ይመር፦ ማታ ማታ ቤት ነው ቻርጅ የሚያደርጉት?

ሰዓዳ፦ አዎ፣ እስከ መቶ በመቶ። ሞልቶ ካላዩ እንቅልፍ አይወስዳቸውም።

ይመር፦ እንግዲያው እሱን ከዝርዝሩ እናውጣው። ብልሽት አይደለም። የኤሌክትሪክ መኪና ቁልቁለት ላይ እግርሽን ስታነሺ ሞተሩ ጄኔሬተር ሆኖ መኪናውን ይይዘዋል፤ የሚያመነጨውንም መልሶ ወደ ባትሪው ይከታል። ባትሪው ጢም ብሎ ከሞላ ግን የሚከትበት ቦታ የለውም። ስለዚህ "ይህን አሠራር ቀንሻለሁ፣ ፍሬን ተጠቀም" ብሎ ይነግርሻል። አሁን አገራችንን አስቢው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850። በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ውስጥ ከስድስት መቶ ሜትር በላይ ትወርጃለሽ። ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና ያንን ሲወርድ ወደ 3.5 ኪሎዋት ሰዓት የሚሆን ኃይል ነው የሚለቀው። ከፊሉ ለመንገዱ ይውላል፣ የተረፈው ባትሪው ውስጥ መግባት አለበት።

ሰዓዳ፦ ስለዚህ ሜዳ አገር የሚኖር ሰው ያንን ጽሑፍ ላያየው ይችላል ማለት ነው።

ይመር፦ እንደኛ በየጠዋቱ አያየውም። አጎትሽ 80 ወይም 90 በመቶ ላይ ያቁሙት። እሱም ጠፍቶ ይቀራል፣ ለባትሪውም ዕድሜ ይሻላል።

ሰዓዳ፦ የጎማውስ?

ይመር፦ ንፋስ የት ነው የሚያስሞሉት?

ሰዓዳ፦ ኮምቦልቻ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሥራ ቦታቸው አጠገብ ያለ ጎሚስታ ጋ።

ይመር፦ በሙቀት፣ መንገድ የሄደ ጎማ ላይ ማለት ነው። ከዚያ መኪናው ደሴ ውጭ ያድራል። ሙቀቱ አምስት ስድስት ዲግሪ በወረደ ቁጥር የጎማው ግፊት አንድ ፒኤስአይ ያህል ይቀንሳል። የኅዳርና የታኅሣሥ ጠዋት ደሴ ምን እንደሚመስል ታውቂዋለሽ። መብራቱ ጠዋት በርቶ፣ ትንሽ ከተነዳ በኋላ የሚጠፋ ከሆነ ሴንሰሩ ሥራውን በትክክል እየሠራ ነው። ደሴ ላይ፣ በጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ያስሞሉት። ከዚያም ወዲያ አንዱ ጎማ ብቻ እየለየ የሚቀንስ ከሆነ ሚስማር ወይም ቫልቩ ነው፤ ሻጩን የሚያስከስስ ነገር የለውም።

ሰዓዳ፦ ሌሊት ደግሞ ቻርጁ መሀል ላይ ይቋረጣል ይላሉ።

ይመር፦ ኤሌትሪሺያን ጠርተው የቤቱን መስመር ያስለኩ። ቮልቴጁ ሲወርድ ወይም የቤቱ ኧርዝ፣ ማለትም ወደ መሬት የሚወርደው የመከላከያ ገመድ፣ በደንብ ካልተቀበረ ቻርጀሩ ለደህንነት ብሎ ራሱን ያቆማል። ሌላ ቦታ ሰክተውት ሳይቋረጥ ካደረ ጥፋቱ የቤቱ ነው።

ሰዓዳ፦ እሺ፣ ይመር፣ እስካሁን ለሻጩ ነው የተከራከርክለት።

ይመር፦ ለሻጩ አይደለም፣ ለአጎትሽ ነው። አምስት ነገር ጽፈው ቢሄዱ ሻጩ ሦስቱን ከላይ ባልኩሽ መልክ ይመልሳቸዋል፣ ከዚያ የቀሩትን ሁለቱንም "እነዚህም እንደዚያው ናቸው" ይላል። ጋራዥ ውስጥ ስሠራ ደጋግሜ ያየሁት ነው። ደንበኛው ሁሉንም በአንድ ላይ ያፈሳል፣ ዋናው ጥፋት መሀሉ ላይ ይጠፋል። ስለዚህ የማይረባውን እናስወግድና በቀረው ላይ እንቁም።

ሰዓዳ፦ የቀረው እጀታውና ስክሪኑ ነው። እጀታው ከበሩ ጋር ለጥ ብሎ የተቀበረ ነው፤ ሲጠጉት መውጣት ሲገባው አይወጣም። ስክሪኑ እየነዱ ሳለ ይጠፋል፣ ከደቂቃዎች በኋላ ተመልሶ ይበራል። ሻጩ ጋ ወስደውት "ሶፍትዌሩን አደስነው" ተባሉ። ለጥቂት ጊዜ ደህና ሆነ፣ ከዚያ ያው። እንደገና ወሰዱት፣ እንደገና ያው። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ነው። በየጊዜው ሥራ ፈትተው፣ መንገድ ላይ የት ቻርጅ እንደሚያደርጉ እያሰሉ ነው የሚሄዱት።

ይመር፦ ከገዙት በኋላ ያስገቡበት ነገር አለ? ጂፒኤስ፣ አላርም፣ የመንገድ ካሜራ?

ሰዓዳ፦ እኔም ጠይቄያቸዋለሁ። ምንም።

ይመር፦ ጥሩ። ምክንያቱም የኤሌክትሪክ መኪና ከትልቁ ባትሪ ሌላ ባለ 12 ቮልት ትንሽ ባትሪ አለው። ስክሪኑን፣ የበሩን ቁልፍ፣ ኮምፒውተሮቹን የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው። እሱ ሲደክም ወይም የቦዲው ገመድ፣ ማለትም ባትሪውን ከመኪናው ቦዲ ጋር የሚያያይዘው ገመድ፣ ሲላላ እርስ በርሳቸው የማይገናኙ የሚመስሉ ብልሽቶች አንድ ላይ ይመጣሉ። እጀታና ስክሪን አብረው ማስቸገራቸው መጀመሪያ ወደዚያ ነው የሚወስደኝ። ያ ባትሪ ተለክቷል?

ሰዓዳ፦ ወረቀቱ ላይ የለም። "ስካን ተደርጎ ምንም ኮድ አልተገኘም" ብቻ ይላል።

ይመር፦ ኮድ የሚሉት የመኪናው ኮምፒውተር የሚመዘግበውን የብልሽት ምልክት ነው። መጥቶ የሚሄድ ብልሽት መኪናው ጋራዥ በገባበት ሰዓት ላይታይ ይችላል፤ ኮድ አልተገኘም ማለት ብልሽት የለም ማለት አይደለም። ለዚህ ነው የስልክ ቪዲዮ የሚያስፈልገው። ከጎናቸው የተቀመጠ ሰው ይቅረጽ፤ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የተነዳው ኪሎ ሜትር ይታይ።

ሰዓዳ፦ አሁን እኔን የሚያስጨንቀኝን ልናገር። ሰዉ ሁሉ "ስክሪን ነው፣ ቴሌቪዥን ጠፋ ብለህ ቁጠረው" ይላቸዋል። በዚህ መኪና ላይ ግን ፍጥነት የሚነበበው እዚያው ስክሪን ላይ ነው። የኋላው ካሜራ እዚያው ነው። የመስታወቱን ጉም የሚጠርገው ማሞቂያም ቁልፍ የለውም፣ ከስክሪኑ ነው የሚታዘዘው። ክረምት ላይ ከደሴ ስትወርድ ጉሙ መንገዱን ሲውጠው አስብ። በአንድ በኩል ገደል፣ ከፊትህ ጂቡቲ ደርሶ የሚመለስ ተሳቢ እየተጎተተ ሽቅብ ይወጣል። የፊት መስታወትህ ከውስጥ ላበ። ማሞቂያውን ልታበራ ስትል ስክሪኑ ጥቁር ነው። ይህን ትንሽ ብልሽት የሚለው ሰው መንገዱን አያውቀውም።

ይመር፦ በዚህ እስማማለሁ። እጀታውም ቢሆን እንደዚያው ነው። ከውስጥ በእጅ የሚከፈትበት መላ አለው፤ አደጋ ቢደርስ ግን ከውጭ የሚረዳቸው ሰው ምኑን ይዞ ይከፍታል?

ሰዓዳ፦ ስለዚህ ይመለስ?

ይመር፦ ቆይ፣ ሕጉን እንይ። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጩ ለዕቃው ጉድለት ዋስ እንዲሆን ያስገድዳል። ገዢውም ዕድሉን እንዳገኘ ዕቃውን መመርመር፣ ጉድለት ሲያይም ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት። ካስታወቀ በኋላ ክስ የሚያቀርብበት ጊዜ አንድ ዓመት ነው። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ ይለወጥልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ማለት ይችላል ይላል፤ ከዚያ የተሻለ ዋስትና ወይም ውል ካለው ደግሞ እሱ አይቀርበትም።

ሰዓዳ፦ ስክሪኑ መጀመሪያ የጠፋው በገዙ በሳምንቱ ነው። ግን ያሳወቁት በስልክ ነው።

ይመር፦ ያ ነው ክፍተቱ። በስልክ የተባለ ነገር ሲካድ ምን ይዘሽ ትከራከሪያለሽ? ቴሌግራም ላይ የተጻጻፉት ካለ ይፈለግ፣ የጥሪው መዝገብም አይጥፋ። ዋናው ማስረጃ ግን ከጋራዡ የተሰጣቸው ወረቀት ነው። መኪናው የገባበት ቀንና ቅሬታው እዚያ ላይ ተጽፏል።

ሰዓዳ፦ ውሉ ላይ ደግሞ "አይቼ፣ ፈትሼ፣ ወድጄ ገዝቻለሁ" የሚል አለ። ሻጩ እሱን ነው የሚመዝዘው።

ይመር፦ ያ ሐረግ ለሚታይ ነገር ነው። የተጫረ ቀለም ቢሆን አዎ፣ አይተው ነው የወሰዱት። በሁለተኛው ሳምንት የሚጠፋን ስክሪን ማን ፈትሾ ያገኘዋል? ሻጩ ደግሞ ጉድለቱን እያወቀ ከደበቀ፣ ኃላፊ አይደለሁም የሚል አንቀጽ ቢጽፍም አያድነውም። እኔን የሚያሰጋኝ ሌላ ነው። ጉድለቱ አነስተኛ ነው ከተባለ ውል ለማፍረስ አይበቃም የሚል ክርክር ይመጣል። ለዚህ ነው ደብዳቤው ላይ "ስክሪኑ ያስቸግራል" ተብሎ መጻፍ የሌለበት። "እየነዳሁ ፍጥነቴን ማየት፣ መስታወቴን መጥረግ አልቻልኩም፤ ለጥገና ሰጥቼ ጉድለቱ ተመልሶ መጥቷል" ይባል።

ሰዓዳ፦ ውጭ አገርም የሚታየው መመላለሱ ነው መሰለኝ።

ይመር፦ አዎ። እንግሊዝ በ2015 እ.ኤ.አ. ያወጣችው ሕግ በመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት ጉድለት ያለበትን ዕቃ መልሰሽ ገንዘብሽን እንድትወስጂ ይፈቅዳል። ከዚያ በኋላ ሻጩ አንዴ የመጠገን ዕድል ይሰጠዋል፤ ያ ካልተሳካ ግን መመለስ ትችያለሽ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ደግሞ ያው ብልሽት አራት ጊዜ ተጠግኖ ከተመለሰ፣ ወይም መኪናው በድምሩ ከ30 ቀን በላይ ጋራዥ ከተቀመጠ፣ በመጀመሪያው 18 ወር ወይም 18,000 ማይል ውስጥ ከሆነ ሕጉ ወደ ገዢው ያደላል። እነዚህ ሕጎች ለአጎትሽ አይሠሩም። ግን ሚዛኑ ትክክል ነው፤ ስንት ጊዜ ጠግነኸው ተመለሰ ነው ጥያቄው።

ሰዓዳ፦ አጎቴን የሚያስፈራቸው ሌላም ነገር አለ። ሊብሬው በስማቸው ወጥቷል፣ ታርጋ ተለጥፏል፣ ኢንሹራንስ ገብቷል። ከፊሉ የባንክ ብድር ነው። መኪናው ቢመለስ ብድሩ ቆሞ አይጠብቃቸውም።

ይመር፦ እውነት ነው፣ ስለዚህ ቁልፉን ሻጩ ጠረጴዛ ላይ ጥሎ መውጣት አይሆንም። መጀመሪያ ባንኩን ያናግሩ፤ ዕዳው እስካለ ድረስ ያለ ባንኩ ፈቃድ ስም ማዞር አይቻልም። ስም ሲዞር የሚወጣውን ወጪ ማን እንደሚሸፍንም በጽሑፍ ይጠይቁ።

ሰዓዳ፦ ሸጠው ቢገላገሉስ? ጓደኞቻቸው እንደሱ ነው የሚመክሯቸው። ከ2016 ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ስለተከለከለ የኤሌክትሪኩ ፈላጊ ብዙ ነው፣ ደላላ በአንድ ቀን ይሸጥልሃል ይሏቸዋል።

ይመር፦ ለማን? ለማያውቅ ሰው? እሱም ያው ቁልቁለት ይወርድበታል።

ሰዓዳ፦ አጎቴም ያሉት ይህንኑ ነው። "እኔ ያልቻልኩትን ለሌላ አልጭንም" አሉ። ነግረው በቅናሽ ቢሸጡ ደግሞ ኪሳራው የሳቸው ይሆናል፣ ሻጩ ምንም ሳይነካው።

ይመር፦ እንግዲህ የኔን ልናገር። የመጨረሻ ዕድል በጽሑፍ ይስጡት። ባለሙያው ደሴ ይምጣ፣ ባለ 12 ቮልቱን ባትሪና የቦዲውን ገመድ ይለካ፣ ስክሪኑንና የእጀታውን ሞተር በአዲስ ይለውጥ፣ የለወጠውንም በወረቀት ያስፍር። ቀነ ገደብ ይኑረው። ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ቢጠፋ ይመለስ፣ ገንዘቡን ይቀበሉ።

ሰዓዳ፦ እኔ ደግሞ አሁኑኑ ይመለስ ባይ ነኝ። ዕድሉን ደጋግመው ሰጥተውታል። በየጠዋቱ ያንን መንገድ የሚወርዱት እሳቸው ናቸው፣ ሻጩ አይደለም። ሌላ ሙከራ ማለት በዚያው ጉም ውስጥ ሌላ ሙከራ ማለት ነው።

ይመር፦ እስከዚያው አይንዱት። የድሮዋ መኪና አለች አይደል?

ሰዓዳ፦ አለች። ቆማ ነው ያለችው።

ይመር፦ በሷ ይውረዱ። መኪናው ቤት ቆሞ ባለሙያውን ይጠብቅ። መኪናው መቆሙንም ደብዳቤው ላይ ያስገቡት፤ ያልተጠቀሙበት ቀን እንዲቆጠር።

ሰዓዳ፦ በዚህ ከሆነ እስማማለሁ። ግን ሻጩ "ገንዘብ የለም፣ ሌላ ተመሳሳይ መኪና ልስጥህ" ቢልስ? አጎቴ ይህን ቢያገኙ ደስ ይላቸዋል፤ መኪናውን ወደውታል።

ይመር፦ እኔ አልመክርም። ችግሩ የባትሪ ወይም የገመድ ከሆነ ሌላው መኪና ደህና ሊሆን ይችላል። ሶፍትዌሩ ላይ ከሆነ ግን ያው ሶፍትዌር ነው የሚመጣው። ምርመራው መቅደም ያለበት ለዚህም ጭምር ነው፤ ምን እንደተበላሸ ሳይታወቅ ልዋጭ አይቀበሉ።

ሰዓዳ፦ አጎቴ፣ እየሰሙኝ ከሆነ ቅዳሜ ቤት እመጣለሁ። ውሉን፣ የጋራዡን ወረቀቶችና የዋስትናውን ደብተር አውጥተው ይጠብቁኝ፤ ደብዳቤውን አብረን እንጽፋለን።

ይመር፦ በሁለት ቅጂ ይሁን። ሻጩ አንዱ ላይ ተቀብያለሁ ብሎ ፈርሞ፣ ማኅተም አድርጎ ይመልስላቸው።