ቅጣቱን የጨረሰ ሰው፦ ለሕግ ተመራቂዎች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተመራቂዎች፣ ልጆቻችሁን ለዚህ ቀን ያበቃችሁ ወላጆች፤

«ሰው ለምን ወንጀል ይሠራል?» በሚል ርእስ እንድናገር ስትጋብዙኝ፣ ሃያ ሁለት ዓመት በማረሚያ ቤት ያስተማርኩ መምህር እንጂ የዘርፉ ምሁር አለመሆኔን ታውቃላችሁ። ብዙዎቻችሁ ለነጻ የሕግ ድጋፍ ወደ ግቢያችን ስትመላለሱ፣ ከክፍሌ በር ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጣችሁ የታራሚዎችን አቤቱታ ስትጽፉ አይቻችኋለሁና እንግዳ አይደለንም።

ንድፈ ሐሳቦቹን ከእኔ በተሻለ ታውቋቸዋላችሁ። ጣሊያናዊው የሕግ አሳቢ ቤካሪያ እ.ኤ.አ. በ1764 ሰውን ከጥፋት የሚመልሰው የቅጣቱ ክብደት ሳይሆን ቅጣቱ እንደማይቀር ማወቁ ነው አለ። ጣሊያናዊው ሐኪም ሎምብሮሶ በ1876 ወንጀለኛ ሆኖ የሚወለድ ሰው አለ፣ በራስ ቅሉ፣ በመንጋጋውና በጆሮው ይለያል ብሎ ጻፈ። እንግሊዛዊው የእስር ቤት ሐኪም ቻርልስ ጎሪንግ ግን ወደ ሦስት ሺህ የሚጠጉ እስረኞች ተለክተው በተገኘው መረጃ ላይ ተመሥርቶ፣ በ1913 እንዲህ ያለ የተለየ የወንጀለኛ መልክ እንደሌለ አሳየ። እናንተም በፈተና ወረቀታችሁ ላይ የሎምብሮሶ ሐሳብ ውድቅ ሆኗል ብላችሁ ጽፋችሁ አልፋችኋል። እኔ ግን እኛ ዘንድ ዛሬም በደህና ይኖራል እላለሁ። «ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል» ብለን ልጆቻችንን ስናሳድግ የምናስተምረው ያንኑ ነው።

በክፍሌ ፊደል የቆጠረ አንድ ልጅ ነበር። ስልክ ሰርቆ ተፈርዶበት ሲገባ ዕድሜው አሥራ ዘጠኝ ነው። እዚያው የእንጨት ሥራ ተማረ። መላጊያውን ሲገፋ ትንፋሹን ውጦ ነበር፤ ጣውላው መለስለሱንም በጣቱ አያምንም፣ ጎንበስ ብሎ በጉንጩ ይዳስሰው ነበር። ሲፈታ የያዘው ማስረጃ አንድ የሥልጠና ምስክር ወረቀት ብቻ ሲሆን፣ በላዩ ያረፈው ማኅተም የማረሚያ ቤቱ ነው። ሙያውን የሚመሰክርለት ወረቀት መታሰሩንም አብሮ ይናገርበታል። ሳያሳይ ሲቀር ማስረጃ የለህም ይሉታል፤ ሲያሳይ እንደውልልሃለን ይሉታል። አንድ የቤት ዕቃ ድርጅት በሙከራ የሠራውን ወንበር ወዶለት፣ ከወንጀል ነጻ መሆኑን የሚገልጽ የአሻራ ማስረጃና ዋስ ጠየቀው። ዋስ ልሆነው አብሬው ሄድኩ። ኃላፊው ወረቀቱን ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «አባቴ፣ እርስዎ ቤትዎ ያስገቡታል?» አለኝ። ቤቴ ገብቶ ሦስት ቀን ቁም ሳጥን ሠርቶልኛል፤ ቁልፉን ትቼለት ሥራ ውዬ እመጣ ነበር። ይህንኑ ነገርኩት። አልሰማኝም።

ከሦስት ዓመት በላይ አሸዋና ሲሚንቶ ተሸክሞ በሰላም ኖረ። ከዚያ በኋላ በቀን ሥራ ከተቀጠረበት ግንባታ የመዳብ ሽቦ ወስዶ ተያዘ። ጥፋቱ የራሱ ነው፣ ባለንብረቱም ተበድሏል። ነገር ግን ዜናውን የሰማ ሁሉ «አላልኩም?» ሲል እኔ ቆሜ እጠይቃለሁ፦ ሎምብሮሶ በመለኪያ የፈለገውን እኛ በአሻራ ወረቀት እየፈለግን፣ በር ሁሉ ከዘጋንበት በኋላ ትንቢታችን ደረሰ ብለን የምንኮራው በምን ድፍረት ነው? አሜሪካዊው የማኅበረሰብ አጥኚ ሃዋርድ ቤከር በ1963 ጥፋተኛ የሚባለው ሰው ያ ስም የተለጠፈበት ሰው ነው ሲል የጻፈውን፣ እኔ በአንድ ልጅ ላይ ሲፈጸም በዓይኔ አየሁት።

ሌላው አሜሪካዊ የማኅበረሰብ አጥኚ ሜርተን በሕጋዊ መንገድ የማደግ ዕድል ሲጠብ ሰው ወደ ወንጀል ያዘነብላል ያለውም እውነትነት አለው፣ ወንጀልን ጓደኛ ያስተምራል ያለው የአገሩ ልጅ ሰዘርላንድም እንዲሁ፤ ከአህያ ጋር የዋለችውን ጊደር ተረት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዛሬ ወደ እነሱ አልገባም።

የሚያንገበግበኝ የራሳችን ሕግ ይህን አስቀድሞ ያየ መሆኑ ነው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ከአንቀጽ 232 ጀምሮ ስለ መሰየም፣ ማለትም የተቀጣ ሰው መልካም ስሙ ስለሚመለስለት መንገድ ይደነግጋል። ቅጣቱን የፈጸመ፣ የተወሰነውን ጊዜ በመልካም ጠባይ የኖረና ካሣውን እንደ አቅሙ የከፈለ ሰው ለፍርድ ቤት ሲያመለክት ከተሰየመ፣ ጥፋቱ ከመዝገብ ይሰረዛል፤ ለወደፊቱም እንዳልነበረ ይቆጠራል። በድሮ ጥፋቱ የሚዘልፈው ሰው እንኳ ክብርን በመንካት ይጠየቃል። ያ ልጅ ያን ጊዜ ማመልከት ይችል ነበር። ማንም አልነገረውም። እኔ መምህሩም አላውቅም ነበር፤ ያወቅሁት እሱ ተመልሶ ከገባ በኋላ ከእናንተ አንዷ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ስታስረዳ ሰምቼ ነው፤ ይህም እስከ ዛሬ እንቅልፍ ይነሳኛል።

ስለዚህ ምርቃታችሁን ሳከብር አንድ ሥራ ይዤላችሁ መጥቻለሁ። ቅጣታቸውን ፈጽመው በሰላም የሚኖሩ፣ ማመልከቻ የሚጽፍላቸው ያጡ የአሥራ አንድ ተማሪዎቼ ስም በዚህ ደብተር አለ። ከምሳ በኋላ በግቢው ዋርካ ሥር እቆያለሁ።