የሄንሪ 8ኛ የወርቅ ሜዳልያ፦ በሦስት ቋንቋ የተቀረጸ ሥልጣን

አዘጋጅ፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን። የዛሬው ውይይታችን በ1545 በእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ስም ስለተሠራው የወርቅ ሜዳልያ ነው፤ ዓመታቱን የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። እስቲ ከመልኩ ይጀምሩልን።

ተባባሪ አዘጋጅ፦ በአንደኛው ገጽ ንጉሡ ቆብ ደፍቶ፣ ባለጠጕር ካባ ደርቦና ባለዕንቍ ሐብል አጥልቆ ከደረቱ በላይ ይታያል። በዙሪያው በላቲን የሰፈረው ማዕረግ ከመርዘሙ የተነሣ ቃላቱ እየታጠሩ የተቀረጹ ሲሆን፣ ሄንሪን የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የአየርላንድ ንጉሥ፣ የሃይማኖት ጠባቂ፣ በምድርም ላይ ከክርስቶስ በታች የእንግሊዝና የአየርላንድ ቤተ ክርስቲያን የበላይ ራስ ይለዋል። በነገራችን ላይ በዚያ ዓመት ከፈረንሳይ ምድር በእጁ የነበሩት የወደብ ከተሞቹ ካሌና ቡሎኝ ብቻ ነበሩ። በጀርባው ያው አዋጅ በዕብራይስጥና በግሪክኛ ተደግሟል።

አዘጋጅ፦ ሦስቱን ቋንቋዎች ሲጠሩ የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 19 ትዝ አለኝ፤ ጲላጦስ በመስቀሉ ላይ ያኖረው ጽሕፈት በእነዚሁ ቋንቋዎች ነበርና።

ተባባሪ አዘጋጅ፦ የዘመኑ የተማረ ሰው ያንን ሳያስብ ያልፍ ነበር ብዬ አላምንም። ከዚህም ሌላ ሄንሪ በ1540 በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የዕብራይስጥና የግሪክኛ መምህራንን በንጉሣዊ ድጎማ ስላቆመ፣ ቋንቋዎቹ የአዲሱ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የሊቅነት ማስረጃ ሆነው የገቡ ይመስለኛል።

አዘጋጅ፦ እኔን ይበልጥ የገረመኝ «የሃይማኖት ጠባቂ» የሚለው ማዕረግ ነው።

ተባባሪ አዘጋጅ፦ ሊገርምዎት ይገባል። ሄንሪ የፕሮቴስታንቶችን መሪ ማርቲን ሉተርን በመቃወም ስለ ሰባቱ ምሥጢራት መጽሐፍ በማሳተሙ በ1521 ያንን ስም የሰጠው የሮማው ፖፕ ሊዮ 10ኛ ነው። ኋላ ግን ሌላው ፖፕ ጋብቻውን አላፈርስልህም ስላለው ሄንሪ ከሮማ ተለየ፤ በ1534 ፓርላማው ንጉሡን የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የበላይ ራስ ሲያደርገው፣ ይህን አንቀበልም ያሉት የንጉሡ የቀድሞ ከፍተኛ ባለሥልጣን ቶማስ ሞርና ጳጳሱ ጆን ፊሸር በማግስቱ ዓመት ተሰየፉ። እንግዲህ ሜዳልያው ፖፑ የሰጠውን ስምና ከፖፑ የተነጠቀውን ሥልጣን ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ ሁለቱም ከጥንት አብረው የኖሩ አስመስሏቸዋል።

አዘጋጅ፦ ወርቁስ? ግምጃ ቤቱ በዚያ ወቅት ተራቁቶ አልነበረም?

ተባባሪ አዘጋጅ፦ እንዲያውም ዋናው ጉዳይ እሱ ነው። ከፈረንሳይና ከስኮትላንድ ጋር የሚያደርገው ጦርነት ገንዘቡን ስለበላው፣ በ1544 ወደ 75 በመቶ ዝቅ ብሎ የነበረው የብር ሳንቲሙ ንጥርነት፣ ማለትም በውስጡ ያለው የንጹሕ ብር መጠን፣ በ1545 ወደ 50 በመቶ፣ በ1546 ደግሞ ወደ 33 በመቶ ወረደ። ሳንቲሙ ሲታሽ ከሁሉ ቀድሞ የሚፋቀው የወጣው የንጉሡ አፍንጫ በመሆኑ ከሥር የተቀላቀለበት መዳብ ይታይ ነበር፤ ሕዝቡም «አሮጌው መዳብ አፍንጫ» የሚል ቅጽል አወጣለት። ያው ፊት በገበያ መዳብ፣ በሜዳልያው ላይ ግን ወርቅ ነበር፤ እኔ ይህን ሜዳልያ ያለ ሳንቲሙ መመልከት ጎዶሎ ነው እላለሁ።

አዘጋጅ፦ ከሄንሪ በኋላስ ማዕረጉ ምን ሆነ?

ተባባሪ አዘጋጅ፦ ልጁ ኤድዋርድ 6ኛ በ1547 በ9 ዓመቱ ሲነግሥ በተሠራለት የንግሥ ሜዳልያ ላይ ያው ማዕረግ፣ በጀርባውም ዕብራይስጡና ግሪክኛው ተደገመ። ከእርሱ በኋላ የነገሠችው ካቶሊኳ እኅቱ ንግሥት ማርያም ማዕረጉን ተወችው፤ እርሷን የተካችው እኅቷ ኤልሳቤጥ በ1559 ሥልጣኑን ስትመልስ ግን «ራስ» መባሉን ትታ «የበላይ ገዢ» ተባለች።