የቤት ውስጥ አትሌቲክስ፦ የትኛው ወንበር ይሻላል?

[በምስል፦ ቤልግሬድ፣ የወንዶች 1500 ሜትር ፍጻሜ፣ የመጨረሻው ዙር]

እ.ኤ.አ. በ2022 ቤልግሬድ ላይ በተካሄደው የዓለም የቤት ውስጥ አትሌቲክስ ሻምፒዮና፣ የኦሎምፒክ አሸናፊው ያኮብ ኢንገብሪግትሰን የ1500 ሜትሩን ፍጻሜ ከፊት ሆኖ ይመራ ነበር። ሳሙኤል ተፈራ ከኋላው ተለጥፎ ቆየ። መጨረሻ ላይ ወደ ጎን ወጥቶ አለፈው። ሳሙኤል 3:32.77፣ ኢንገብሪግትሰን 3:33.02፤ በመካከላቸው ሩብ ሰከንድ ብቻ። ያቺን ቅጽበት በአዳራሹ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ እኩል ሊያያት አይችልም። ልዩነቱን የሚፈጥረው የተቀመጠበት ወንበር ነው።

መልሴን አስቀድሜ ልንገራችሁ። አዳራሽ የምትሄዱት በ800፣ በ1500 ወይም በ3000 ሜትር የኛን ልጆች ለማየት ከሆነ፣ በማጠናቀቂያው መስመር ፊት ለፊት ያለውን ውድ ወንበር ተዉት። ከመስመሩ ወደ ግራ ራቅ ብላችሁ፣ የመጨረሻው መታጠፊያ ወደ ቀጥታው የሚከፈትበትን ቦታ ፈልጉ። ከፍታውም መካከለኛ ይሁን። ለምን እንደሆነ ለማየት መሙን፣ ማለትም የሩጫውን ጎዳና፣ ማወቅ ያስፈልጋል።

[በምስል፦ የ200 ሜትር መም ከላይ ሲታይ]

ከቤት ውጭ የምናውቀው መም 400 ሜትር ነው፤ በውስጠኛው መስመር እያንዳንዱ ቀጥታ ከ84 ሜትር በላይ ይረዝማል። የአዳራሹ መም 200 ሜትር ሲሆን ቀጥታው አብዛኛውን ጊዜ 50 ሜትር እንኳን አይሞላም። ስለዚህ 1500 ሜትር ሰባት ዙር ተኩል፣ 3000 ሜትር ደግሞ 15 ዙር ይሆናል። ሯጩ አብዛኛውን ጊዜውን የሚያሳልፈው እየታጠፈ ነው።

መታጠፊያ ላይ ማለፍ ደግሞ ያስከፍላል። ከውስጠኛው መስመር አንድ ሜትር ወደ ውጭ ወጥቶ የሚሮጥ ሰው በእያንዳንዱ መታጠፊያ ከሦስት ሜትር በላይ፣ በሙሉ ዙር ስድስት ሜትር ገደማ ተጨማሪ ይሮጣል። ብልህ ሯጭ ይህን ስለሚያውቅ ከመሪው ጀርባ ይታገሣል። ግን ከታጠፈ በኋላ የሚጠብቀው ቀጥታ አጭር ነው፤ የዘገየ መሬት ያልቅበታል። ስለዚህ ጠቡ የሚጠነክረው ከመታጠፊያው በሚወጡበት አካባቢ ነው። ማን አቅም እንዳለውና ማን እንደተሰበረ እዚያ ይታያል። ማጠናቀቂያው መስመር ላይ የተቀመጠ ሰው የሚያየው ያለቀለትን ፍርድ ነው፤ ክርክሩ ያለፈው ወደ ግራው ነው።

“ወደ ግራ” ማለቴ በዘፈቀደ አይደለም። ሯጮች የሚዞሩት ከሰዓት ዘንግ ተቃራኒ ስለሆነ፣ በዋናው ቀጥታ በኩል ለተቀመጠ ተመልካች ከግራው መጥተው ወደ ቀኙ ያልፋሉ። የማጠናቀቂያው መስመር ያለው በቀጥታው መጨረሻ፣ በቀኝ በኩል ነው። በመቀመጫ ካርታው ላይ መጀመሪያ መስመሩን ፈልጉ፤ ከዚያ ዓይናችሁን ወደ ግራ ውሰዱ። ብዙውን ጊዜ ዋጋው እየቀነሰ የሚሄደውም ወደዚያው ነው፤ ይህ ደግሞ የማልቃወመው ነገር ነው።

[በምስል፦ የመታጠፊያው ጠርዝ ከጎን ሲታይ]

አሁን ከፍታው። ብዙ ሰው “ቅርብ ይሻላል” ብሎ የፊተኛውን ረድፍ ይገዛል። በቤት ውስጥ አትሌቲክስ ይህ ወጥመድ ነው። የመሙ መታጠፊያ ጠፍጣፋ አይደለም፤ ሯጩ በፍጥነት ሲዞር ወደ ውጭ እንዳይወረወር ውጫዊው ጠርዝ እንደ ሰፌድ ከፍ ይላል። ዘንበል የሚለው እስከ 10 ዲግሪ ገደማ ነው። ስድስት መስመር ባለው መም ላይ ውጫዊው ጠርዝ ከውስጠኛው አንድ ሜትር ያህል ከፍ ይላል ማለት ነው። ከመታጠፊያው ጀርባ ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ሰው ፊቱ የሚደቀነው ያ ጠርዝ ነው። የውስጠኛውን መስመር ይዘው የሚሮጡት፣ ማለትም የርቀት ሯጮቹ በሙሉ፣ ከወገብ በታች ሊሰወሩበት ይችላሉ።

ለዝቅተኛው ወንበር አንድ ነገር ልመስክርለት፤ ድምፁን። ተነቃቃይ መሞች ብዙውን ጊዜ በእንጨትና በብረት መዋቅር ላይ ስለሚዘረጉ፣ አሥራ ሁለት ሯጭ በአንድነት ሲያልፍ ወለሉ ይነጎዳል። ያንን በቴሌቪዥን አታገኙትም። ነጎድጓዱን መስማት የፈለገ ሰው በማጣሪያ ቀን ዝቅ ብሎ ይቀመጥ፤ ፍጻሜውን ግን ከፍ ብሎ ይይ።

ከፍ ማለት ጣሪያ ሥር መውጣት አይደለም። የላይኛው ፎቅ የመጀመሪያ ረድፍ በተለይ ያሳስታል፤ በካርታ ላይ ምርጥ ይመስላል፣ ስትቀመጡ ግን የመከላከያው ብረት ወይም መስታወት በትክክል ዓይናችሁ ፊት ሊመጣ ይችላል። ከዚያ ሦስት አራት ረድፍ ወደ ላይ ውጡ። ቲኬቱ ላይ “ዕይታው የተገደበ” የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ደግሞ እመኑት፤ የካሜራ መድረክ ወይም የድምፅ ማጉያ ከፊታችሁ አለ ማለት ነው።

[በምስል፦ የበርሚንግሃም አዳራሽ]

እስካሁን ያልኩት ለሜዳሊያ ፉክክር ነው። ክብረ ወሰን የሚሞከርበት ምሽት ሌላ ነገር ነው። እንግሊዝ አገር የሚገኘው የበርሚንግሃም አዳራሽ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ እዚያ ኢትዮጵያውያን ሰዓት ሲያሻሽሉ በተደጋጋሚ ታይቷል። ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. በ2004 በ5000 ሜትር 12:49.60 ሮጠ። ገንዘቤ ዲባባ በ2014 ሁለት ማይልን በ9:00.48 ጨረሰች። ሳሙኤል ተፈራ ደግሞ በ2019 በ1500 ሜትር 3:31.04 ገብቶ፣ ከ1997 ጀምሮ የቆየውን የሞሮኮዊውን የሂሻም ኤል ገሩዥን ክብረ ወሰን፣ 3:31.18ን፣ አሻሻለ።

የቀነኒሳ ሩጫ 25 ዙር ነው። በእንዲህ ያለ ምሽት አንድ ወሳኝ ቅጽበት አትጠብቁ። አሯሯጮቹ (ፍጥነቱን ለመጠበቅ ከፊት ሆነው የሚመሩት ሯጮች) መቼ ከውድድሩ እንደሚወጡ፣ ዙሩ በስንት ሰከንድ እንደሚያልቅ፣ ሯጩ ከእቅዱ ስንት እንደቀደመ ወይም እንደዘገየ ነው የምትከታተሉት። በቅርብ ዓመታት በአንዳንድ ውድድሮች በመሙ ውስጠኛ ጠርዝ የክብረ ወሰኑን ፍጥነት የሚያሳዩ መብራቶች ይበራሉ፤ በሯጩና በመብራቱ መካከል ያለው ክፍተት ጥርት ብሎ የሚታየው ከላይ ነው። ለዚህ ዓይነቱ ውድድር ከማጠናቀቂያው ተቃራኒ ያለውን ወገን፣ ከፍ ያለ ረድፍ ላይ፣ ያለ ቅሬታ እገዛ ነበር። 1500 ሜትሩም የሚነሣው ከዚያው ወገን ነው።

የትም ተቀመጡ፣ ሰዓቱና ትልቁ ስክሪን ይታያችሁ። ዮሚፍ ቀጀልቻ እ.ኤ.አ. በ2019 ኒውዮርክ ውስጥ በሚልሮዝ ጨዋታዎች፣ በየዓመቱ በሚካሄደው የቤት ውስጥ ውድድር፣ የአንድ ማይል ሩጫውን በ3:48.46 ጨረሰ። በዚያን ጊዜ የነበረው ክብረ ወሰን 3:48.45 ነበር። አንድ መቶኛ ሰከንድ! የትኛውም ወንበር ያንን ለዓይን አያሳይም። (ዮሚፍ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቦስተን ላይ 3:47.01 ሮጦ ተበቅሏል።)

አጭር ርቀትና የሜዳ ተግባራት ለሚወዱ ፈጠን ልበል። 60 ሜትር የሚሮጠው ብዙውን ጊዜ በመሙ መካከል በተዘረጋ ቀጥታ ነው፤ ከጎን ካልሆነ በስተቀር ማን እንደሚመራ መለየት ያስቸግራል። ከጫፍ የተቀመጠ ሰው ፊታቸውን ያያል፣ ደረጃቸውን ግን አያይም። ለርዝመት ዝላይ አሸዋው አጠገብ፣ ለምርኩዝ ዝላይ ደግሞ አግዳሚው በዓይናችሁ ልክ የሚሆንበት ከፍታ ጥሩ ነው።

[በምስል፦ የመቀመጫ ካርታ]

ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ጥንቃቄ። ኢንተርኔት ላይ የምታገኙት የአዳራሹ ካርታ ለቅርጫት ኳስ ወይም ለሙዚቃ የተሠራ ሊሆን ይችላል። የቅርጫት ኳስ ሜዳ 28 በ15 ሜትር ነው። የ200 ሜትር መም ግን ወደ 90 ሜትር ርዝመት ይፈልጋል፤ ስለዚህ የታችኞቹ ወንበሮች ይነሣሉ ወይም ወደ ውስጥ ይገፋሉ። ለቅርጫት ኳስ ሃያኛ የነበረው ረድፍ ለአትሌቲክስ የመጀመሪያው ሊሆን ይችላል። የማጠናቀቂያው መስመር የተሳለበትን፣ ለዚያው ውድድር የወጣውን ካርታ ብቻ ተመልከቱ።

ባንዲራ ለማቀበል የምትፈልጉስ? ለእናንተ ምክሬ ይገለበጣል። አሸናፊው መስመሩን ካለፈ በኋላ ፍጥነቱን የሚቀንሰው ከመስመሩ በስተቀኝ፣ በመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ነው። እዚያ የፊተኛውን ረድፍ ያዙ። ውድድሩን በግማሽ ዓይን ታያላችሁ፤ ነገር ግን ሯጯ ቀና ብላ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ስትፈልግ መጀመሪያ የምታየው እናንተን ነው። ዘንግ ያለው ባንዲራ በብዙ አዳራሾች ስለማይፈቀድ ጨርቁን ብቻ አጥፋችሁ ያዙ።