ቆረቆንዳው ውስጥ ያለው ነዳጅ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ዋላችሁ። መጀመሪያ ይሄን እዩልኝ፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ ነው። በቆሎውን ጥርግ አድርገን እንበላና ይሄን ወይ እሳት ውስጥ እንከተዋለን ወይ እንወረውረዋለን። እኔ አራት አመት ሙሉ ከዚ ነገር ነዳጅ ለማውጣት ስታገል ነው የከረምኩት፣ እናቴ እስካሁን "ዩኒቨርሲቲ የገባኸው ለማገዶ ነው?" ትለኛለች።

ውስጡ ሴሉሎስ፣ ሄሚሴሉሎስና ሊግኒን አለ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እንደ ዶቃ የተሰካኩ ስኳሮች ናቸው፣ ሊግኒን ደሞ ሁሉንም አጣብቆ የያዘ ሙጫ በሉት። እና ስኳር ካለ ችግሩ ምንድነው? ኦክስጅን ነዋ! ግሉኮስን ብትመዝኑት ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ኦክስጅን ነው፣ ናፍጣ ግን ካርበንና ሃይድሮጅን ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚ የኛ ስራ ካርበኑን ሳናቃጥል ኦክስጅኑን መንቀል ነው፣ ካታሊስት፣ ማለትም እራሱ ሳያልቅ የኬሚካል ለውጡን የሚያፋጥን ነገር፣ የሚያስፈልገንም ለዚ ነው።

ቆረቆንዳውን በአሲድና በእንፋሎት ስታበስሉት ሄሚሴሉሎሱ ይፈታና ዛይሎስ የሚባል ስኳር ይሆናል፣ አሲዱ ከሱ ላይ ሶስት የውሃ ሞለኪውል ሲነጥቀው ደሞ ፈርፉራል የሚባል ፈሳሽ ይወጣል። አዲስ ግኝት እንዳይመስላችሁ፣ ኩዌከር ኦትስ አሜሪካ አዮዋ ውስጥ ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአጃ ገለፈት በፋብሪካ ያመርተው ነበር፣ ደቡብ አፍሪካ ሴዜላ ላይም ከሸንኮራ ምጣጭ ያወጡታል።

ግን ፈርፉራል አምስት ካርበን ብቻ ነው ያለው፣ ለናፍጣ ያጥራል። አሴቶን ከሚባል ሌላ ፈሳሽ ጋር በቤዝ (የአሲድ ተቃራኒ በሉት) ካታሊስት ስታያይዙት ስምንት ወይ አስራ ሶስት ካርበን ይሆናል፣ ከዛ ፕላቲነም ወይ ፓላዲየም የሚባል ብረት ካታሊስት ሆኖ ባለበት ሃይድሮጅን ሲገባበት የቀረው ኦክስጅን ውሃ ሆኖ ይወጣል፣ የምታገኙት ናፍጣና የአውሮፕላን ነዳጅ ውስጥ ያለው አይነት ሞለኪውል ነው።

ወረቀት ላይ እንዲህ ቀላል ነው። አንዴ ፈርፉራሉን የምናበስልበትን ሪአክተር እንደበራ ትቼው ሄድኩ፣ ጠዋት ስከፍተው ሽሮ ያረረበት ድስት በሉት፣ ጥቁር! ሂዩሚን ይባላል፣ ፈርፉራሉ እርስ በርሱና ከስኳሩ ጋር እየተጣበቀ ካታሊስቱን ድፍን አርጎታል፣ ሶስት ቀን ስፈገፍግ ከረምኩ። ለካ ዘዴው ፈርፉራሉ ገና እንደተፈጠረ ከዛ ሙቀት ቶሎ ማውጣት ነው፣ ወይ እንፋሎት ይዞት እንዲወጣ፣ ወይ ከውሃ ጋር የማይቀላቀል ሌላ ፈሳሽ ላዩ ላይ ተንሳፍፎ እየሳበ እንዲወስደው። እናቴ ወጡን መቼ እንደምታወርድ ታውቃለች፣ እኔ ግን ይሄን ለመማር ሁለት አመት ፈጀብኝ። ለዚ ነው ሰዎች አንድ ቀን ብዙ ምርት የሰጠ ካታሊስት ሲያሳዩኝ ብዙም የማልደነቀው፣ ታጥቦ አስረኛ ዙር ላይ ስንት ይሰጣል ብዬ ነው የምጠይቀው።

በሉ አሁን ይቺን የፈርፉራል ጠርሙስ ወደኋላ አሳልፏት። ሳጣራው ውሃ ይመስል ነበር፣ አየር ሲያገኘው ነው እንዲህ ቡኒ የሆነው። ሽታው አልመንድ አልመንድ ይላል ግን መርዝ ስለሆነ ክዳኑን እንዳትነኩ፣ አንተ ከኋላ ያለኸው፣ አይቼሃለሁ።