ሴሎቹ ሞቱ?

እሺ፣ እየቀዳ ነው። የፋኑ ድምፅ ይሰማችኋል፣ ግን በዚህ ሙቀት አላጠፋውም። ባለፈው የጀመርኩላችሁን የባቡር ጣቢያ ወሬ ክፍል ሁለት እየጠበቃችሁ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ይደርሳል። የማክሰኞው ነገር ግን ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ።

የአክስቴ ልጅ ደወለች፣ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ያለችው። "አቦ፣ ያ የብጉር ኪኒን፣ አይሶትሬቲኖይን፣ አንቺ ላብራቶሪ ውስጥ ሴል ላይ የሞከርሽው አይደል?" አለችኝ። አዎ አልኳት። "ሴሎቹ ሞቱ?" አልሞቱም አልኳት። "በቃ!" አለችና ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ከኋላዋ የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማል። ዘጋች።

አልሞቱም። በቃ፣ ይቺው ናት።

ውሸት አልነበረም እኮ። ላብራቶሪው ክፍል ውስጥ ደብዘዝ ያለ ቢጫ መብራት ብቻ ነበር፣ ምክንያቱም መድኃኒቱ የቫይታሚን ኤ ዘር ነው፣ እነሱን ደግሞ ብርሃን ያበላሻቸዋል። የቆዳ ሴሎቹ 96 ትንንሽ ጉድጓድ ባለው የፕላስቲክ ሰሃን፣ ፕሌት በሚባለው ላይ ናቸው፣ ማሞቂያው 37 ዲግሪ ነው። መድኃኒቱ ውሃ ውስጥ በደንብ ስለማይሟሟ ዲኤምኤስኦ በሚባል ፈሳሽ ታሟሙታላችሁ፤ ስለዚህ ለአንዱ ረድፍ ዲኤምኤስኦ ብቻ ትሰጡታላችሁ፣ የገደለው መድኃኒቱ ይሁን ማሟሚያው እንዲለይ። መጨረሻ ላይ ኤምቲቲ የሚባል ቢጫ ነገር ይጨመራል። በሕይወት ያለ ሴል ቢጫውን ሐምራዊ ያደርገዋል። በማይክሮስኮፕ ስታዩት እንደ መርፌ የቀጠነ ክሪስታል ነው፣ ሴሉ ላይ የበቀለ ይመስላል። በጣም ነበር የምወደው። በትንሹ መጠን ረድፉ በሙሉ ሐምራዊ ሆነ። ከፍተኛው መጠን ላይ ቢጫው እንደ ቢጫ ቀረ፣ እዚያ ሞተዋል ማለት ነው። እሱን እንኳን አልነገርኳትም።

ሐምራዊው የሚነግራችሁ ሴሉ ያን ቀን በሕይወት እንደነበር ብቻ ነው። የዚህ መድኃኒት ትልቁ ጣጣ ደግሞ መግደሉ አይደለም። ሴሉ ውስጥ ገብቶ፣ ቅርፁን ትንሽ ለውጦ፣ ሬሴፕተር ከሚባለው መልእክት ተቀባይ ጋር ተያይዞ፣ አንዱን ጂን ያበራል፣ ሌላውን ያጠፋል። ፅንስ ላይ ጭንቅላቱ፣ ልቡ፣ ጆሮው እንዴት እንደሚሠራ የሚመራው አንዱ መልእክት ይሄው ነው። ሲበዛ ይዛባል። የቆዳ ሴል የማይገድል መጠን ፅንስ ሊያበላሽ ይችላል፣ የኔ ፕሌት ላይ ደግሞ ፅንስ የለም። መድኃኒቱ በፈረንጆቹ 1982 አሜሪካ ገበያ ላይ ሲወጣ ነፍሰ ጡር እንዳትወስደው ማስጠንቀቂያ ነበረበት። እንደዚያም ሆኖ ብዙ ሳይቆይ ጉዳት ያለባቸው ልጆች ተወለዱ።

እሷ ደግሞ ያገባችው ጥር ላይ ነው። ሠርጉን ነግሬያችኋለሁ።

ቫይታሚን የሚለው ስምም አለ። እኛ ሰፈር ቫይታሚን ኤ ማለት ለልጆች በየስድስት ወሩ የምትሰጠው ፍሬ ናት። ሰማያዊዋ ዓመት ላልሞላው፣ ቀይዋ ከዚያ በላይ ላለው፣ ጫፏ በመቀስ ይቆረጥና ዘይቱ አፍ ውስጥ ጠብ ይላል። ዓይን ታድናለች። አያቴ ዳፍንት ለያዘው ሰው ጉበት አብሉት ትል ነበር፣ ልክ ነበረች። ታዲያ የዚህ ዘመድ ነው ሲባል ማን ይፈራል?

በሴል መሞከር ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። መጀመር ያለበት ከዚያ ነው፣ እኔም እዚያ ብዙ... ተዉት፣ እሱ ሌላ ወሬ ነው።

ረቡዕ ደወልኩላት። ሁሉንም ነገርኳት። ኪኒኑን እንዳትውጪ፣ መጀመሪያ ሐኪም ጋ ሂጂ፣ የእርግዝና ምርመራ ያስፈልጋል፣ መድኃኒቱን ከጨረስሽ በኋላም ቢያንስ አንድ ወር ማርገዝ የለብሽም አልኳት። ዝም አለች። ቆይታ፣ ቀስ ብላ፣ "ታዲያ ለምን አልሞቱም አልሽኝ?" አለች።

ምን ልበላት? በትንሹ መጠን ስላልሞቱ ነዋ። ግን የጠየቀችኝ እሱን አልነበረም። ልውሰደው ወይ ነበር ያለችኝ፣ እኔ ስለ ፕሌቴ መለስኩላት።

መልሼ እደውላለሁ ብላ ዘጋች። ዛሬ ቅዳሜ ነው። ስንት ፍሬ እንደዋጠች እንኳን አልጠየቅኳትም። ስልኩ እዚህ አጠገቤ ነው፣ ድምፁን ከፍ አድርጌዋለሁ፣ መሀል ላይ ከጮኸ አቋርጣለሁ፣ እንግዲህ...